ዘሩ ከወፍ ዋሻ መጣ

የምኖረው በሰበታ ዳርቻ፣ አዲስ አበባ አልቃ ገጠሩ ገና ባልጀመረበት፣ ኮብልስቶንና የጤፍ ማሳ በተፋጠጡበት ሰፈር ነው። ከሰፈራችን ቀና ሲሉ የወጨጫ ተራራ ይታያል፤ ከፍታው ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ወደ እኛ የዞረው ፊቱ ማሳ፣ ባሕር ዛፍና ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። በስተ ምዕራብ ባለው ገጹ ላይ ግን የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ከነሙሉ ቁመታቸው የቆሙበት፣ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚወረወርበት፣ የምኒልክ ድኩላ ጎህ ሲቀድ ከጫካው ጠርዝ ብቅ የሚልበት ደን ነው። ከመዲናዋ መሀል ተነሥቶ በቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ይሁንና አዲስ አበባ ተወልዶ አድጎ የደኑን ስም እንኳ ያልሰማ ሰው ብዙ ነው።

የደኑ ታሪክ እንዲህ ይተረካል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ወጨጫ ተራቁቶ ቢያዩት፣ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር መጥቶ እንዲተከል አዘዙ። ወፍ ዋሻ ያለው በሰሜን ሸዋ፣ ከአንኮበር እስከ ጣርማ በር በሚዘልቀው ገደላ ገደል ላይ ነው፤ ዛሬም ደን ነው። መናገሻ በአፍሪካ በመንግሥት ትእዛዝ ከተጠበቁት እጅግ ቀደምት ደኖች አንዱ ተደርጎ የሚጠቀሰው በዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቀው የንጉሡን አርቆ አሳቢነት ነው። ይገባቸዋል። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ወፍ ዋሻን ነው። ንጉሡ ዘር ይምጣ ሲሉ የሚመጣበት ቦታ ነበረ። ወፍ ዋሻም አስቀድሞ ተመንጥሮ ቢሆን ኖሮ የንጉሥ ቃል ብቻውን ጥድ አያበቅልም ነበር። አገር ብሔራዊ ፓርክ የሚያስፈልገው ለምንድን ነው ብባል መልሴ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የተጎዳው መሬት የሚያገግምበት፣ የጠፋው የሚመለስበት ምንጭ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ገበሬ በክፉ ቀን እንኳ የዘር እህሉን ቆልቶ አይበላም። ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ ልጆቹ እየተራቡ፣ ያችን አንዲት ስልቻ ሳይነካ ክረምቱን የሚጠብቅ ሰው አባቶቻችን መካከል ብዙ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ሱባ ስሄድ አንድ የደን ጠባቂ አብሮኝ ነበር። ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ጎንበስ ብሎ ፍሬ አነሣ። ፍሬዋ ከሽምብራ ታንሳለች፤ ጥቁር ሰማያዊ ናት፤ ላይዋ አመድ የተነፋባት ይመስል ነጣ ያለ ነገር ሸፍኗታል። በጣቱ ጨፍልቆ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋልኝ፤ ሙጫ ሙጫ ይላል። ይህችን የሚዘራት ወፍ ነው አለኝ። ወፉ ፍሬዋን ይበላል፤ ዘሩ በሆዱ አልፎ ሌላ ቦታ ይወድቃል። ከዚያ የበቀለች አንዲት ችግኝ አሳየኝ፤ ከስንዝር አትበልጥም። ከብት ካልበላት፣ ሰው ካልረገጣት፣ ከጎኗ የቆመውን ግንድ የምታክለው እኔም እርሱም ከሞትን በኋላ ነው። እዚያው አጠገብ ያለው ባሕር ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ለአጣና ይደርሳል።

ባሕር ዛፍን አልወቅስም። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙም ሳትቆይ በዙሪያዋ ያለው እንጨት አልቆ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ያ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። ዛሬም በሰፈሬ የሚሠራው ቤት ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነው፤ መወጣጫው እርሱ፣ ማገሩ እርሱ፣ ማገዶው እርሱ። ነገር ግን ከባሕር ዛፍ ሥር ጥድ እንደ ልቡ አይበቅልም፤ ምንጭም አይጠነክርም። በቶሎ የሚደርስ ዛፍ ለሚቸኩል ከተማ ነው፤ አገር ደግሞ የማይቸኩል ቦታም ያስፈልጋታል።

መናገሻ ሱባ በሕግ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም፤ በመንግሥት የተያዘ ጥብቅ ደን ነው። ከእርሱ የጀመርሁት በየቀኑ የማየው እርሱን ስለሆነና ጥያቄው አንድ ስለሆነ ነው።

ጥያቄውን በሰፈራችን አንድ አዛውንት ገበሬ ከማንም በተሻለ አስቀምጠውታል። መሬታቸው አብዛኛው የቤት መሥሪያ ሆኗል፤ የቀራቸው ጓሮና ሁለት በሬዎች ናቸው። አንድ ቀን ስለ ባሌ ተራሮች ፓርክና ስለ ቀይ ቀበሮው ስነግራቸው በጥሞና አዳመጡኝና፣ «ልጄ፣ ለበሬ መዋያ በጠፋበት አገር ለቀበሮ ስንት ጋሻ መሬት ይታጠራል?» አሉኝ። «አባባ፣ መልሱ አጭር አይደለም» አልኋቸው። አጭር መልስ የለኝም ብዬ አምኜበት ነው። መሬት የወሰዱባቸው ሰዎች ሁሉ አጭር መልስ ነበራቸው።

በየስብሰባውና በየሬዲዮው የሚሰማው መልስ ቱሪስትና የውጭ ምንዛሪ ነው። ገንዘቡ ያስፈልገናል፤ በደባርቅና በጎባ በአስጎብኚነት፣ በበቅሎ ኪራይና በምግብ ቤት የሚተዳደር ቤተሰብ አለ። ሆኖም ይህን ዋና ምክንያት አድርጎ መያዝ አደገኛ ነው እላለሁ። በ2020 ኮሮና ሲመጣ፣ ቀጥሎም ጦርነቱ ሰሜኑን ሲያዳርስ፣ ጎብኚው ቀረ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር የምጽፈው የፓርኮቹ ሰነዶች በዚያ ስለሚሄዱ ነው።) ፓርክ የሚጠበቀው ለዶላር ከሆነ ዶላሩ በቀረበት ዓመት ፓርኩም ምክንያቱ ያልቃል ማለት ነው። ዋልያው ግን ጎብኚ ኖረም አልኖረም እዚያው ገደል ላይ ነው፤ ከስሜን ተራሮች ሌላ በተፈጥሮ የሚኖርበት ቦታ በዓለም ላይ የለውም።

እንግዲህ ለአባባ የምመልሰው ባሌን ይዤ ነው።

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ አምባ ላይ ሲወጣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ያልፋል። ዛፍ የለም። ጅብራ ብቻ አልፎ አልፎ ቆሟል። መሬቱ ጠጠርና አጭር ቁጥቋጦ ነው፤ በመካከሉ ትናንሽ ኩሬዎች ያብለጨልጫሉ። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ባዶ መሰለኝ። ከመኪና ወርጄ ዝም ብዬ ስቆም ግን መሬቱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከአንዱ ጉድጓድ የፍልፈል ራስ ብቅ አለ፤ ትልቅ ራስ፣ ትናንሽ ዓይን፣ የደረደረው ጥርስ። ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር በችኮላ ይነጭና ተመልሶ ይገባል። ይህ ፍልፈል ከባሌ ሌላ የትም የለም። እርሱን ከሩቅ እያየች አንዲት ቀይ ቀበሮ ሆዷን ከመሬት አጣብቃ፣ እግሯን አንድ በአንድ እያነሣች ትጠጋለች። ቀይ ቀበሮዎች በመንጋ ይኖራሉ፤ ግልገሎቻቸውን በጋራ ያሳድጋሉ፤ አይጥና ፍልፈል ሲያድኑ ግን ለየብቻ ነው። በዓለም ላይ ያሉት በሙሉ ከ500 የማይበልጡ ሲሆን ከግማሽ በላዩ ያለው እዚህ ባሌ ነው። የተቀሩት በስሜን፣ በአርሲ፣ በወሎና በመንዝ ደጋዎች ላይ ተበታትነዋል።

እንስሳው ብርቅ ነው ማለት ግን ለአባባ መልስ አይሆንም። መልሱ ያ አምባ የሚሠራው ሥራ ነው። ዝናቡና ጉሙ በሳነቴ ሣርና ረግረግ፣ ከሥሩ ባለው የአስታ ቁጥቋጦ፣ ከዚያም ታች በሐረና ደን የዛፍ ሽበትና ቅጠል ይያዛል። በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ አይወርድም፤ ቀስ ብሎ፣ በበጋም ሳያቋርጥ ይወጣል። ዋቢ ሸበሌ፣ ገናሌ፣ ወይብ፣ ወልመልና ዱማል ውኃቸውን የሚያገኙት ከዚህ ነው። ወደ 12 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ኑሮው በእነዚህ ወንዞች ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ አብዛኛው ባሌን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የቆላ አርብቶ አደር ነው። ገናሌ፣ ዳዋና ወይብ ዶሎ አጠገብ ጁባ ሆነው ወደ ሶማሊያ ይሻገራሉ። በሳነቴ ላይ ግጦሽ ሲበዛ፣ ሐረና ውስጥ እሳት ሲለቀቅ፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ያ ግመሉን ለማጠጣት ወንዝ ዳር የወረደ ሰው ነው። የቀበሮዋ መሬት የምትባለው ለብዙ በሬና ለብዙ ግመል ውኃ የምታስቀምጥ መሬት ናት።

የባሌ ፓርክ በ1970 ተቋቁሞ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዜናውን የሰማሁ ቀን ተደስቻለሁ። ደስታዬን ያቀዘቀዘብኝ ግን የውሻ ነገር ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። የባሌ እረኛ ውሻ ይዞ ይወጣል፤ ሌሊት ጅብ እንዳይመጣበት። ያ ውሻ በእብድ ውሻ በሽታ ከተያዘና አንዲት ቀበሮ ከነከሰ፣ በሽታው አብረው በሚያድሩት፣ እየተላላሱ ሰላምታ በሚለዋወጡት መንጋ ውስጥ እንደ ቋያ ይሄዳል። ከ1991 ጀምሮ ደጋግሞ ገብቷል፤ በ2003 እና በ2008ም። በአንዳንድ መንጎች ከግማሽ በላይ ቀበሮዎች አልቀዋል። በመቶ ሺሕ ዓመታት ውስጥ የተሠራ ፍጥረት ክትባት ባልተከተበ በአንድ ውሻ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በባሌ የጥበቃ ሥራ አንዱ ትልቅ ክፍል የሚሠራው በገበሬ ደጅ፣ ውሻ በመከተብ ነው። የገበሬውንም ልጆች ከዚያው በሽታ ያድናል። የፓርክ ጥበቃ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ከሳነቴ ቁልቁል ሲወረድ ሐረና ይጀምራል፤ ከጥላው ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በቅሏል። ስለ ዘር የጀመርሁትን ነገር የሚጨርስልኝ ይህ ቡና ነው። በ1971 የቡናን እሸት ፍሬ የሚያበሰብስ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። ያኔ የአገሪቱ የውጭ ንግድ በቡና ላይ የቆመ ነበር። መድኃኒት መርጨት ለአነስተኛ ገበሬ የማይሆን ነገር ነው። መፍትሔው የተገኘው በጅማ የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዛፎችን ከየአካባቢው እየፈለጉ፣ እየመረጡ፣ ዘራቸውን እያባዙ ለገበሬው በማከፋፈል ነው። ያ ምርጫ ሊደረግ የቻለው አገሪቱ ውስጥ ገና ስፍር ቁጥር የሌለው የቡና ዓይነት ስለነበረ ነው። ብራዚልና ቬትናም እጅግ ብዙ ቡና ያመርታሉ፤ የአረቢካ ቡና የዱር ዘር በዋናነት ያለው ግን በእኛ የከፋ፣ የኢሉባቦርና የሐረና ጫካዎች ነው። የሚቀጥለው በሽታ ሲመጣ፣ ሙቀቱ ሲጨምር፣ ዓለም ሁሉ ዘር የሚፈልገው እዚያ ነው። ደኑ ከሌለ ግን ዘር ይምጣ ቢባል ከየት ይመጣል?

ቆርኪ የተባለውን የዱር እንስሳ ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ይህ ቆርኪ ዛሬ በዋናነት የተረፈው በሻሸመኔ በኩል ባለችው በትንሿ ሰንቀሌና በማዜ ነው። በ1970ዎቹ ከዚያ ተይዘው ወደ ነጭ ሣርና ወደ አዋሽ ተወሰዱ፤ በሄዱበት ግን አልጸኑም። ሰንቀሌን የመሰለ ቦታ ባይኖር ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ስለ ዋልያም እንዲሁ ነው። ብሔራዊ ቡድናችንን ዋልያዎቹ ብለን በየስታዲየሙ እንጮኻለን፤ በ10 ሳንቲማችን ላይ የደጋ አጋዘን ቀርጸናል። ሁለቱም ከዚህች አገር ሌላ የትም የሉም። ስማቸውን ለኩራታችን ስንወስድ መኖሪያቸውን የመጠበቅ ዕዳ አብሮ ይመጣል ብዬ አምናለሁ። ስሜን በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ነበር፤ በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። ከሃያ ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንምጣ። ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ሐሳብ የመጣው ከአሜሪካ ነው፤ የሎውስቶን በ1872 ሲከለል። ሐሳቡ ሲመጣ ከበሽታው ጋር ነው የመጣው፦ ሰው የሌለበት መሬት ብቻ ተፈጥሮ ነው የሚል እምነት። የሎውስቶን ላይ ነባር ሕዝቦች ይኖሩ ነበር፤ እንዲወጡ ተደረገ። በእኛም አገር በአዋሽ የከረዩ ከብት አርቢዎች ግጦሻቸው በአንድ በኩል በመተሐራ የሸንኮራ እርሻ፣ በሌላ በኩል በፓርኩ ተያዘባቸው። በነጭ ሣር ጉጂዎችና ኮሬዎች ተፈናቀሉ። በስሜን የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 አካባቢ ወደ ደባርቅ እንዲነሡ ተደረገ። ስለ ፓርክ የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ካለፈ እውነቱን አልጻፈም። ከመሬቱ የተነቀለ ሰው የፓርኩ ጠላት ቢሆን አልፈርድበትም። ሌሊት ላይ ከሰል የሚያከስለውን ሰው አንድ የፓርክ ጠባቂ በአሮጌ ጠመንጃ ሊያስቆመው አይችልም፤ ሊያስቆመው የሚችለው ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱ ደግሞ የሚያስቆመው ደኑ የእርሱም ሲሆን ነው።

የሚያስቆጨኝ ይህን እኛው ቀድመን እናውቀው የነበረ መሆኑ ነው። መንዝ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን መንገድ፣ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ስሙን ያገኘው ከበቀለበት ሣር ነው። ጓሳ ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ለእረኛ የዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሰው ይህን ደጋ በራሱ ደንብ ጠብቆታል። ደንቡ ቄሮ ይባል ነበር፤ ጠባቂ አለቃ ይመረጣል፤ ደጋው ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ በእነዚያ ዓመታት ሣር ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይታወጃል፤ ሰው ሁሉ ይወጣል፤ ክረምቱ ሲገባ፣ ሐምሌ 5 ቀን በጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ እንደገና ይዘጋል። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ የርስቱ ሥርዓት ፈረሰ፤ ቄሮም አብሮ ላላ። ሰዉ ግን ጓሳን አልተወውም፤ ደንቡን በአዲስ መልክ አድሶ ዛሬም በማኅበረሰብ ይጠብቀዋል። ቀይ ቀበሮው አለ። ጭላዳው በመቶዎች እየተንጋጋ ሣር ይነጫል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ቀበሮ የተጨነቀ ሰው የነበረ አይመስለኝም፤ የጠበቁት የቤታቸውን ክዳን ነው። ቀበሮዋ በዚያ ክዳን ሥር ተጠልላ ዛሬ ደረሰች።

ይህን ለአባባ ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «እንዲህ ከሆነ ደግ ነው» አሉ። ጥቂት አሰቡና፣ «እዚህ በእኛ ተራራ ግን ሣሩን የሚያጭደው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ከዚያ ወዲህ የማንኛውንም ፓርክ ስም በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ጥያቄ የእርሳቸው ነው። አቢያታ ሻላን ውሰዱ። ከአገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች አንዱ ነው። ነገር ግን የአቢያታ ሐይቅ ውኃ በአብዛኛው የሚመጣው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ነው። ዝዋይ ላይ ለመስኖ ሲቀዳ፣ ከአቢያታ ራሱ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲሳብ፣ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣው አለቀ። በአጎራባቹ በሻላ ደሴቶች ላይ ጫጩት ይፈለፍሉ የነበሩት ይብራ (ፔሊካን) የተባሉ ዓሣ በሊ ወፎች ምግባቸውን የሚያመጡት ከአቢያታ ነበር፤ ሻላ ጥልቅ እንጂ ዓሣ የሚበዛበት ሐይቅ አይደለም። ዓሣው ሲያልቅ እነርሱም ሄዱ። የፓርኩን ድንበር መጠበቅ ብቻውን አልበቃም፤ ሐይቁን ካጎደሉት አንዱ ከድንበሩ ውጭ የተከፈተ ቧንቧ ነው።

ይህ ነገር እኛን የከተማ ዳር ሰዎች በቀጥታ ይመለከተናል። ከእንጦጦ ጀርባ የዘነበው ዝናብ ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በእኛ በኩል የዘነበው ወደ አዋሽ። ከወጨጫ የሚነሡት ጅረቶች አዋሽ ይገባሉ። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የከተማዋን ቆሻሻ፣ የፋብሪካውን ቀለም፣ የመኪና እጥበቱን ዘይት ይዘው አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ፤ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ፣ ከዚያ ወንጂ፣ ከዚያ መተሐራ። ከመተሐራ ቀጥሎ ወንዙ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ፏፏቴ ላይ ይወረወራል፤ በ1966 የተመሠረተ፣ ከአገሪቱ ቀደምት ፓርኮች አንዱ ነው፤ ሳላ የተባለው የዱር እንስሳ በፈንታሌ እሳተ ገሞራ ግርጌ የሚሰማራበት። ከሰበታ እስከዚያ በመኪና ጥቂት ሰዓት ነው። ፏፏቴው ዳር ቆሞ ፎቶ የሚነሣው የአዲስ አበባ ሰው ከፊቱ የሚወርደው ውኃ ከራሱ ሰፈር ሊነሣ እንደሚችል አያስበውም። እኔ ስቆም ያሰብሁት ግን ይህንኑ ነበር፤ አረፋው ነጭ አልነበረም። ስለ አዋሽ ፓርክ የምንወስነው እኛ ነን፤ በየደጃችን ቦይ በምንጥለው ፌስታልና በየፋብሪካው በምንዘለው ማጣሪያ።

ስለ ወጨጫ ደግሞ የምፈልገውን በግልጽ ልናገር። ከተማው እየወጣ ነው፤ ይወጣል፤ እኔም በቅርቡ ማሳ በነበረ መሬት ላይ ነው የምኖረው። የምጠይቀው የደኑ ጠርዝ በካርታ ላይ ብቻ ሳይሆን በመሬት ላይ፣ በችካልና በአጥር፣ ነዋሪው ባለበት እንዲለይ ነው። በጠርዙና በቤቱ መካከል ማንም ቦታ የማይሸጥበት፣ የአገር በቀል ዛፍ ብቻ የሚተከልበት ሰፊ ቀበቶ እንዲኖር ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአባባ ጥያቄ እንዲመለስ ነው፦ በደኑ ዙሪያ ያለው ገበሬ በወቅቱ ሣር አጭዶ የመውሰድ፣ ቀፎ የመስቀል፣ የወደቀ እንጨት የመሰብሰብ መብት በጽሑፍ ይኑረው፤ ጥበቃውም የእርሱ ይሁን። በጊንጪ አጠገብ ባለው በጭልሞ ደን ነዋሪውና መንግሥት ደኑን በውል እየተካፈሉ መጠበቅ ከጀመሩ ቆይተዋል። ከእኛ ብዙም አይርቅም፤ ሄዶ ማየት ይቻላል። በየክረምቱ በዘመቻ ከሚተከለው ችግኝ ውስጥ ጥቂቱ እንኳ የሱባ ጥድና ዝግባ ቢሆን፣ ዘሩ እዚሁ ተራራችን ላይ አለ፤ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግም።

ሱባን ሳታዩ ይህን ለምታነቡ፦ በሰበታ በኩልም በሆለታ በኩልም ይገባል። ክረምት ላይ ጭቃው መኪና ይይዛል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሂዱ። ማለዳ ድረሱ፤ ጉሬዛዎቹ ፀሐይ ለመሞቅ ወደ ዛፍ ጫፍ የሚወጡት ያን ጊዜ ነው፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ቢጫ ግንባር በቀቀንም ጆሯችሁን ከሰጣችሁ ትሰሙታላችሁ። ከደን ጠባቂዎቹ አንዱን ይዛችሁ ግቡ፤ ለድካሙም ተገቢውን ክፈሉት፤ የዛፉን ሁሉ ስም ይነግራችኋል። ልጆቻችሁን ውሰዱ። ውሻችሁን ግን ቤት ተዉት፤ ያልተከተበም ከሆነ በዚሁ ሳምንት አስከትቡት።